ሦስቱ እርሳሶችና የአማቴ ረቂቅ

ጥቅምት 4

ደክሞኛል። ሳምንቱ ገና ዛሬ መጀመሩ ነው፤ ዓይኔ ግን ከወዲሁ ቅዳሜ ላይ ነው።

ጠዋት አንድ ጀማሪ ደራሲ ደወለ። «አንድ መጽሐፍ ለምንድነው ሦስት ጊዜ የምታርሙት? መጀመሪያውኑ በደንብ አታርሙትም?» አለኝ። እንደ አዲስ አስረዳሁት። እኛ መሥሪያ ቤት ልብወለድ በሦስት እርሳስ ነው የሚያልፈው። ቀዩ ለአጥንቱ ነው፤ ታሪኩ ከየት ይነሳ፣ የትኛው ምዕራፍ ይውጣ፣ የትኛው ሰው ትርፍ ነው። ሰማያዊው ለዓረፍተ ነገሩ። አረንጓዴው ለፊደሉና ለነጥቡ። ቀዩ ሳይጨርስ ሰማያዊው አይነሳም፤ ሰማያዊው ሳይጨርስ አረንጓዴው አይነሳም። «ነገ የሚፈርስ ግድግዳ ዛሬ ቀለም አይቀባም» አልኩት። በዚህች አባባል ስንት ዓመት ነገድኩባት።

ስልኩን ስዘጋ ወንፊት ከጠረጴዛዋ ሆና ሳቀችብኝ። ወንፊት የአረንጓዴው ባለቤት ናት፤ አንዲት ነጥብ አታመልጣትም፤ ስሙ የወጣላት ለዚያ ነው። «አንቺ እኮ ባልሽንም ቤት ውስጥ በቀይ ነው የምታርሚው» አለችኝ። ወደ ሥራዬ ዞርኩ፤ ለመከራከር ጉልበቱስ የት አለ...

ጥቅምት 5

አማቴ ልብወለድ ጽፈዋል።

ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። በሩን ዘግተው በባለቤቴ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጽፉ እሰማ ነበር። ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆነው ነው ያረጁት፤ ጣታቸው ሥራ መፍታት አልወደደም ብዬ ትቼው ነበር። ለካ መጽሐፍ ነው!

ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሶፋው የእሳቸው ነው፤ ከመጡ ጀምሮ ማንም ሳይወስን የእሳቸው ሆነ፤ እኔ የምቀመጠው የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ነው። ረቂቁን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ ልጄ። ፊደሏን ብቻ እይልኝ። አላስቸግርሽም፤ ፊደሏን ብቻ።»

«ኧረ ምን ችግር አለው እማማ» አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 10

እሑድ። የእረፍት ቀኔ። አነበብኩ።

ሁለት ጎረቤታሞች ሴቶች ናቸው። በግቢያቸው መሃል ያለው ግንብ የማን ነው ብለው ይካሰሳሉ፤ ክሱ ከዓመት ዓመት ይጓተታል። የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ገጾች ላይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ልኬት፣ የምስክር ዝርዝር፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ልኬት። ሊለካ የመጣው መሐንዲስ ጫማ ሳይቀር ተጽፏል፤ ከነማሰሪያው።

ከዚያ ዘጠና አንደኛው ገጽ ላይ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር አንዱ አግዳሚ ወንበር ይሰበራል። ሁለቱ ባላንጣዎች በቀረው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ከሳሿ ለተከሳሿ «ትንሽ ጠጋ በይ» ትላታለች። ክስ ከጀመሩ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ተጋድሜ ነበር፤ ተነስቼ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሁለቱ ሴቶች በዚያች ወንበር ላይ አብረው ያረጃሉ፤ ዳኛ ይቀየራል፣ ጠበቃ ይሞታል፣ እነሱ ይመጣሉ። ምሳ መብላቴን ረሳሁ። እኔ! በሥራ ምክንያት መጽሐፍ የሰለቸኝ ሴትዮ!

ግን ቀይ ነው የሚያስፈልገው። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ማን ይነግራቸዋል?

ጥቅምት 11

ባለቤቴን አማከርኩት።

«እናቴን ዘጠና ገጽ ቅደጂ ልትያት ነው?»

«ቅደጂ አይደለም...»

«ፊደሏን ብቻ አለችሽ አይደል? ፊደሏን እይላት፣ ጎሽ በያት፣ አለቀ። በዚህ ዕድሜዋ ደስ ይበላት እንጂ።»

ሰውዬው ሰላም ይወዳል። በእናቱና በእኔ መሃል ለሚኖር ሰው ሌላ ምን ያዋጣዋል? እኔም ደክሞኛል፤ ተስማማሁ። ዝም አይነቅዝም።

ጥቅምት 19

«ስንተኛው ገጽ ደረስሽ?»

አማቴ ናቸው፤ ቁርስ ላይ። በር ስከፍት። ዛሬማ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ ፊቴ ሳሙና እንደሆነ።

አረንጓዴውን ይዤ ነው የምቀመጠው። እጄ ግን... አንድ ዓረፍተ ነገር ያነክሳል፤ ላቃናው እላለሁ። እሱ ሲቃና አጠገቡ ያለው ይጣመማል። ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ምን ላድርገው? ዛሬ ቀና ስል የያዝኩት ሰማያዊውን ነው። መቼ እንዳነሳሁት እንኳ አላስታውስም።

ይሁን። ትልቁን ነገር መናገር ካቃተኝ ቢያንስ ይህን ላድርግላቸው።

ጥቅምት 27

ቢሮ የአንድ ታዋቂ ደራሲ ረቂቅ፣ ቤት የአማቴ። ዓይኔ ቀልቷል። ወንፊት «አለቀስሽ እንዴ?» አለችኝ። ጊዜ ባገኝ ኖሮ አለቅስ ነበር።

ኅዳር 3

ጨረስኩ። ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ፣ ንጹሑን አትሜ ሰጠኋቸው። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ገቡ።

እውነት ለመናገር ኮርቻለሁ። የሚያነክስ የለ፣ የሚደጋገም የለ። ሁሉም ሰው ጥርት አድርጎ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ገጾችም አምረዋል። አሉ፤ ግን አምረዋል።

ግድግዳውንና ቀለሙን አስቤ አፈርኩ። ትንሽ።

ኅዳር 5

ከክፍላቸው አይወጡም። ሾርባ ወሰድኩላቸው። «እያነበብኩ ነው» ብቻ አሉኝ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም።

ኅዳር 6

ከሥራ ስገባ ጠሩኝ። «ተቀመጪ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን ዘርግተዋል፤ የእሳቸውንና እኔ የሠራሁትን።

«ቋንቋው ያምራል» አሉ።

«አመሰግናለሁ እማማ።»

«የማን ነው?»

ዓይኔን ወደ ገጾቹ መለስኩ።

«ወጥ ቤቴን ሰው አጽድቶልኝ ጨው የጠፋኝ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ያበራል። እጄን ስሰድ ግን የማገኘው ነገር የለም።»

ከዚያ አንድ ገጽ አወጡ። ተከሳሿ ዳኛው ፊት ቆማ «ግንቡ የሷ አይደለም አላልኩም» የምትልበት ነው። በእሳቸው ረቂቅ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ትለዋለች። እኔ አንዱን አስቀርቼ ሁለቱን ሰርዣለሁ።

«ሦስት ጊዜ ነው ያለችው።»

«መደጋገም ስለሆነ ነው እማማ፤ አንባቢ ይሰለቻል ብዬ...»

«ሦስተኛው ላይ እያለቀሰች ነበር።»

«ማልቀሷ ግን አልተጻፈም እኮ።»

«ለዚህ ነዋ ሦስት ጊዜ ያስባልኳት።»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል መትቻለሁ» አሉ። «ምስክር ቢንተባተብ እንደተንተባተበ ነው። ቢሳሳት እንደተሳሳተ። አንድ ቃል ያሳመረ ታይፒስት ይባረራል፤ ሲብስም ይታሰራል። እኔ አንድም ቀን አሳምሬ አላውቅም። አንቺ ሁሉንም አሳመርሽብኝ።»

ይቅርታ ነበር ማለት የነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «መጀመሪያውንም በፊደል ብቻ የሚሆን አልነበረም» የሚል ነው። ለምን እንዲህ አልኩ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፎጣውን አነሱና የራሳቸውን ረቂቅ ጠቀለሉ። የእኔን አልጋው ላይ ተዉት።

ኅዳር 7

ሆድና ጀርባ ሆነናል። ባለቤቴ በሁለት በሮች መሃል እንደ ፖስተኛ ይመላለሳል። «ስንተኛው ገጽ ደረስሽ» የሚለኝ የለም።

ኅዳር 8

ሊሄዱ ነው። የዛሬ ሳምንት ሴት ልጃቸው በመኪና መጥታ ትወስዳቸዋለች። ሻንጣቸውን ከቁም ሣጥን ላይ አስወርደዋል። በሩ ክፍት ስለነበር አየሁ፤ በፎጣ የተጠቀለለው ረቂቅ መጀመሪያ ገባ፣ ልብሱ ከላይ ተጫነበት።

«መጽሐፉስ?» አልኩት ባለቤቴን።

«ተይው አለችኝ። ያልሆነ ነገር ነው የጀመርኩት፣ ዳግመኛ አላወጣውም ብላለች።»

እዚህ የሚያየኝ የለም፤ እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ የጠዋቱ ሬዲዮ ይቀራል፤ ሶፋው ይለቀቃል። ከዚያ ያቺ «ትንሽ ጠጋ በይ» ያለችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። በሻንጣ ታፍና ልትቀር ነው፣ በእኔ ምክንያት። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ትቼው ቆምኩ። በጣም ከፋኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ኅዳር 10

ለወንፊት ነገርኳት።

«ቀዩን ሳትይዢ ሰማያዊውን አነሳሽ?»

«አዎ።»

«አንቺ?»

«አዎ አልኩሽ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። እርሳሷን አስቀመጠች። «ለታዋቂው ደራሲ ባለፈው ወር ስምንት ገጽ ትችት ጽፈሽ ሰጥተሻል። ሰውየው በስልክ ጮኸብሽ፤ አንቺ ግን ምንም አልመሰለሽም። ለአማትሽ ስንት ገጽ ጻፍሽላቸው?»

«ምንም።»

«እንግዲህ።» ወደ ነጥቦቿ ተመለሰች።

እንግዲህ! ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሲያስነጥስ እንኳ ይማርህ ለማልለው ሰው ስምንት ገጽ እውነት። ለእሳቸው ከአንገት በላይ ፈገግታና የተቀባ ግድግዳ። ማክበሬ መስሎኝ ነበር። ትችት ይሸከማሉ ብዬ አላሰብኩም፤ እሱ ነው እውነቱ። ንቀት ነው ይሄ... ሌላ ስም የለውም።

ኅዳር 12

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። በራቸውን አንኳኳሁ። ሻንጣው ግድግዳው ሥር ቆሟል፣ ዚፑ ተዘግቶ።

«ምን ቀረሽ?» አሉኝ።

«ያልነገርኩዎት አለ።»

«ፊደል?»

«አይደለም። መጽሐፉ የሚጀምረው ዘጠና አንደኛው ገጽ ላይ ነው።»

አላቋረጡኝም። እኔም አላቋረጥኩም፤ ባቆም አልቀጥልም ነበር። የወንበሩ ምዕራፍ መጽሐፉን እንደሚከፍተው። ልኬቱ፣ ዝርዝሩ፣ የመሐንዲሱ ጫማ መውጣት እንዳለበት። የከሳሿ ልጅ ምዕራፍ ስድስት ላይ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ እንደቀረና እናቱ እንኳ አንድ ቀን የት ደረሰ እንደማትል። ሁለቱ ጠበቆች አንድ ቢሆኑ እንደሚሻል። ከዚያ ደግሞ ምሳዬን እንዳስረሳኝ። ይህን መጨረሻ ላይ ነው ያልኩት፤ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።

«ይህን ሁሉ መቼ አወቅሽ?»

«መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ፊደሏን ብቻ ስላሉኝ...»

«ልጄ፣ እንግዳ ቤት ሲገባ ውሃ ብቻ ይበቃኛል ይላል። ውሃ ብቻ ሰጥተውት ይሸኙታል እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረን እንግዳ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

«ላሳመርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ አለፈ።

ቀጥለው ግን «ዘጠናው ገጽ ውስጥ ውሸት የለም። አንድ ክስ ላይ የሚሆነው ሁሉ ነው ያለው» አሉኝ።

«የሚሆነው ሁሉ አይገባም እማማ።»

«እኔ የተባለ ነገር ትቼ አላውቅም። መተው አይፈቀድልኝም ነበር።»

«እዚህ እኮ ታይፒስቷ አይደሉም። ዳኛዋ እርስዎ ነዎት። የቱ ይቆይ የቱ ይውጣ የሚሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ከዳኛ ወንበር ሥር የተቀመጠ ሰው... ምን እያሰቡ እንደነበር አላውቅም።

«ያንን ቀይ እርሳስ አለሽ?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰጠኋቸው።

«በይ አሁን ውጪልኝ።»

ኅዳር 15

ልጃቸው መኪናዋን ይዛ መጣች። «ሻንጣው የት አለ?» ስትል «ቀጠሮ አለኝ፣ አልሄድም» አሏት። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት።

ታኅሣሥ 4

ሥራ በዛብኝ፤ ሁለት ቢሮ ያለኝ ሰው ሆኛለሁ። ከአንዱ ስወጣ ሌላው ይጠብቀኛል። የእኔን የተሽሞነሞነ ቅጂ ጣልነው፤ ከእሳቸው ረቂቅ እንደገና ተነሳን። የአጥንቱን ብቻ ነው የምናገረው፤ ዓረፍተ ነገር ላይ እጄ ሲሄድ በዓይናቸው ይመልሱኛል።

ሁለቱን ጠበቆች አንድ እናድርጋቸው ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አንዱ ያዛጋል።»

«ሌላውስ ማዛጋት አይችልም?»

«እሱ የሚያዛጋ ሰው አይደለም።»

ተሸነፍኩ። ትክክል ናቸው ብዬ አላምንም፤ ግን ዳኛዋ እሳቸው ናቸው፣ ያልኩት እኔ ነኝ። እጄን በእጄ ቆረጥኩ።

ታኅሣሥ 17

ተጣላን። በከሳሿ ልጅ ጉዳይ። «እናቱ ስለረሳችው አይደለም፤ ስለምትፈራ ነው የማትጠይቀው» አሉ። «አንባቢው በምን ያውቃል?» አልኩ። በሩን ዘጉብኝ። ራሴን አሞኝ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 18

ቁርስ ላይ አንድ ገጽ አጠገቤ አስቀመጡ። ከሳሿ ወንበሩ ላይ ሆና፣ ኮሪደሩ መጨረሻ የሚታይ ወጣት ሁሉ ላይ ዓይኗን ትጥላለች። ፊቱ እስኪታይ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ክስ ወረቀቷ ትመለሳለች። ተከሳሿ ይህን ታያለች፤ ምንም አትልም።

ሻይዬ ቀዘቀዘ። «ይኸው» አልኩ። «ይኸው» አሉ እሳቸውም።

ጥር 9

ዘጠናው ገጽ ወጣ። በእጃቸው ነው ያወጡት፤ አንድ በአንድ፣ እያነበቡ። አንዳንዱ ላይ ቆዩ። የመሐንዲሱ ጫማ የአባታቸው ጫማ ነበር፣ ዛሬ ነገሩኝ። «ይቆይ እንዴ?» አልኩ፤ አንጀቴ አልቻለም። «አይ። የሱ ቦታ እዚህ አይደለም» ብለው ገጹን ገለበጡት።

ጥር 21

ሰማያዊው ላይ ደርሰናል። እዚህ ላይ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፤ ሲሰናከል እሳቸው ራሳቸው ያቃናሉ።

ከእኔ ቅጂ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳልነግራቸው ሾልካ ገብታ ነበር፤ ኮሪደሩ መስኮት ላይ ስለሚወርደው ዝናብ። ቆንጆ ናት። ማንም አይለያትም ብዬ ነበር። ዛሬ ገጹ ሲመለስልኝ በቀይ ተሰምሮባታል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ «ይህችን ምስክር አላውቃትም» ይላል።

ለወንፊት ሳሳያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። መቼ ነበር ቢሮ ውስጥ የሳቅኩት?

የካቲት 6

ደክሞኛል። እንደ ድሮው ድካም ግን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ረቂቁን በዚያው ፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። «አሁን ፊደሏን ብቻ እይልኝ» አሉ። ፈገግ አላሉም፤ እኔም አላልኩም። ሌሎቹን እርሳሶች ቢሮ ትቼ መጣሁ፤ እጄን አላምነውማ።

ዛሬ ተከሳሿ ዳኛው ፊት የቆመችበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ግንቡ የሷ አይደለም አላልኩም። ግንቡ የሷ አይደለም አላልኩም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አረንጓዴውን አስቀመጥኩ። አለቀሰች የሚል ቃል የለም። እያለቀሰች ነበር።

ክፍላቸው ሻይ ይዤ ስገባ ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ተመልሷል። «ልብሱን አወጡት እንዴ?» አልኩ። «ልብሱንማ ድሮ። የወጡት ገጾች ናቸው ያሉበት» አሉ። ስንተኛው ገጽ እንደደረስኩ አልጠየቁኝም።

ማታ ሳሎን የቀሩኝን ገጾች ይዤ እንደ ልማዴ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሄድኩ። እሳቸው ሶፋው ላይ ነበሩ፣ ወረቀታቸውን ዘርግተው። ወንበሩን ሳብኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

«ትንሽ ጠጋ ይበሉ እማማ» አልኩ።

ወረቀታቸውን ሰበሰቡልኝ። ተቀመጥኩ።